እስረኞቹ የወጡበት መንደር

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከፕሊመዝ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ፕሪንስታውን የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ከመንደሯ ጫፍ ከግራጫ ድንጋይ የተሠራ ትልቅ የወህኒ ቤት በር ይታያል። በቅስቱ ላይ ሁለት የላቲን ቃላት ተቀርጸዋል። ትርጉማቸው «የተሸነፈን ማር» እንደ ማለት ነው። ከበሩ ጀርባ ግን ዛሬ የሚማርም የሚቀጣም ሰው የለም። ከ2024 በጋ ጀምሮ ግቢው ባዶ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ወቅቶቹም የእንግሊዝ ናቸው፤ በጋ ስል ሐምሌ አካባቢ ያለውን ሞቃት ወቅት፣ ክረምት ስል ጥር አካባቢ ያለውን ብርድ ነው።)

ባዶ ቤት ግን ርካሽ አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት ለዚህ ማንም ለማያድርበት ግቢ በኪራይ፣ በታክስና በጥበቃ በዓመት ወደ 4 ሚሊዮን ፓውንድ ያወጣል። ከውሉ መውጣት የሚችለው ደግሞ በ2033 መጨረሻ ነው። አከራዩም ተራ አከራይ አይደለም። የኮርንዋል ዱቺ ነው፤ የአልጋ ወራሹ የልዑል ዊልያም ርስት ማለት ነው።

አብዛኛው ሰው ዜናውን የገንዘብ ብክነት ወሬ አድርጎ ነው ያነበበው። ልክ ነው፣ ብክነት ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ወህኒ ቤት ሚኒስቴሩ ይናገራል፤ የፓርላማው ኮሚቴ ይናገራል፤ የቀድሞ እስረኞች ጠበቆች ይናገራሉ። በውሉ ላይ የመንደሯ ፊርማ የለም። በዙሪያዋ በተዘረጋው ምድር ላይ ግን በግ እንኳ በሕግ የታወቀ ቦታ አለው። ይህ እንዴት ሆነ? ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ዙሪያዋን ያለው ምድር ዳርትሙር ይባላል። በዴቨን ክፍለ ሀገር ያለ፣ በ1951 ብሔራዊ ፓርክ የሆነ፣ 954 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ አካባቢ ነው። «ሙር» የሚለው ቃል ለጆሯችን እንግዳ ነው። መልኩ ግን እንግዳ አይደለም። የመንዝን ጓሳ ወይም የባሌን ሳነቴ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ዛፍ የለም። ሳር፣ ረግረግ፣ ቁጥቋጦ፣ ከኮረብታው አናት ላይ ደግሞ እንደ ተቆለለ ዳቦ የቆመ ግራናይት። ቁጥቋጦው ሳይቀር ዘመዳችን ነው፤ የእኛ አስታ ከሚመደብበት ከኤሪካ ወገን የሆኑ ዝርያዎች እዚያም ይበቅላሉ።

ከፍታው ግን ያስቃል። ፕሪንስታውን ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 430 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከሰመራ ከፍታ ብዙ አይርቅም! ሰመራ ላይ ሰው በሙቀት ይቀልጣል፤ ፕሪንስታውን ላይ ደግሞ በግንቦትም ካፖርት አይጣልም። ወደ ሰሜን ርቀን ስለሄድን ነው። ከአትላንቲክ የሚመጣው ደመና ከዚህ ተራራ ጋር ይጋጫል። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል። ጭጋጉ አንዴ ከወረደ አጥሩን ከአጥር ማዶ ካለው በግ መለየት ያቅታል።

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መንደር ማን ቆረቆረ? ቶማስ ቲሪት የሚባል ሰው ነው። በኋላ ጆርጅ 4ኛ ተብሎ የነገሠው የያኔው የዌልስ ልዑል ጸሐፊና ወዳጅ ነበር። በ1780ዎቹ ወደ ዳርትሙር መጣና ምድሩን አርሼ አለማለሁ አለ። ተልባና እህል ዘራ፣ መንገድ አስጠረገ፣ ቤት ሠራ። መንደሯንም በልዑሉ ስም «የልዑል ከተማ» አላት። አፈሩ ግን እሺ አላለም። በዚህ ዝናብና በዚህ አሲዳማ መሬት ላይ እህል አይይዝም። ሕልሙ ሲከሽፍ ሌላ ሐሳብ መጣለት።

ጊዜው የናፖሊዮን ጦርነት ዘመን ነው። የተማረኩ ፈረንሳውያን ፕሊመዝ ወደብ ላይ በቆሙ አሮጌ መርከቦች ውስጥ ታጭቀዋል። በሽታው ከባድ ነው፤ ከጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱ አጠገብ መሆናቸውም ያሰጋል። ቲሪት «መሬት አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ማንም ሮጦ የማያመልጥበት ረግረግ አለ» ብሎ አሳመነ። የመሠረት ድንጋዩ በ1806 ተጣለ። በ1809 የመጀመሪያዎቹ ምርኮኞች ገቡ። መንደሯም እውነተኛ ሥራ አገኘች። ዳቦ ጋጋሪው፣ ሥጋ ሻጩ፣ ዋርድያው፣ መጠጥ ቤቱ ሁሉ ከወህኒ ቤቱ ግንብ ላይ ተንጠለጠለ።

ከ1813 ጀምሮ ደግሞ በ1812 በእንግሊዝና በአሜሪካ መካከል በተነሣው ጦርነት የተማረኩ አሜሪካውያን መርከበኞች መጡ። በጠቅላላው ከ6,000 የሚበልጡ ናቸው። ከእነሱ ወደ 1,000 የሚጠጉት ጥቁሮች ነበሩ። ነጮቹ አሜሪካውያን ከእነሱ ጋር አንኖርም ብለው ጠየቁና ጥቁሮቹ ቁጥር 4 በሚባለው ሕንፃ ለብቻቸው ተደረጉ። እዚያም የራሳቸውን ዓለም ፈጠሩ። ቲያትር ያሳያሉ፣ ቦክስ ያስተምራሉ፣ ይሰብካሉ፣ ይነግዳሉ። መሪያቸው ሪቻርድ ክራፈስ የሚባል፣ «ንጉሥ ዲክ» ተብሎ የሚጠራ ግዙፍ ሰው ነበር። የድብ ቆዳ ባርኔጣ አድርጎ፣ ቆመጥ ይዞ፣ በየማታው ክፍሎቹን ይዞራል። ንጽሕናውን ያልጠበቀ ወይም የሰረቀ ወዮለት። የሚገርመው፣ ከነጮቹ መካከል ብዙዎቹ ቀን ቀን እዚያ ሄደው ቲያትር ያዩ ነበር። አንኖርም ያሉት እነሱ፣ ትኬት የሚገዙትም እነሱ።

ታሪኩ በጥሩ አላበቃም። ጦርነቱ በውል ቆሞ፣ ሰነዱ ጸድቆ፣ እስረኞቹ ግን መርከብ እስኪመጣ ተብለው እዚያው ቀሩ። በዳቦ ጭቅጭቅ ተነሣ። በ1815 አፕሪል 6 ቀን ወታደሮች ተኩሰው 7 አሜሪካውያንን ገደሉ። ዛሬ ከግንቡ ጀርባ ሁለት መካነ መቃብሮች አሉ፤ በአንዱ ከ1,000 በላይ ፈረንሳውያን፣ በሌላው 271 አሜሪካውያን ያረፉባቸው። የመንደሯን ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የሠሩትም እነዚሁ ምርኮኞች ናቸው።

አሁን ልብ የምትሉት አንድ ዓመት አለ፤ 1816። ጦርነቱ አልቆ ምርኮኞቹ ወደ አገራቸው ሄዱ። ወህኒ ቤቱ ተዘጋ። የመንደሯም እስትንፋስ አብሮ ተዘጋ። ቲሪት ተስፋ አልቆረጠም፤ በፈረስ የሚጎተት የሐዲድ መንገድ ከፕሊመዝ አዘረጋ፤ በ1823 ተከፈተ። ኖራና ሸቀጥ ወደ ላይ፣ ግራናይት ወደ ታች እንዲያመላልስ ነበር። ግራናይቱ ወረደ። መንደሯ ግን እንደታሰበው አላበበችም። በ1840ዎቹ አንድ ኩባንያ ባዶውን ሕንፃ ተከራይቶ ከአካባቢው ረግረግ አፈር ናፍታ የሚባል ተቀጣጣይ ፈሳሽ አወጣለሁ ብሎ ሞከረ። እሱም ከሰረ። ሕንፃው የተነቃቃው በ1850 ነው፤ ያን ጊዜ የአገሬው ወንጀለኞች እስር ቤት ሆነ። ሠላሳ አራት ዓመት ማለት ነው። ዛሬ የደረሰው ነገር ለመንደሯ አዲስ አይደለም። ከዚህ በፊትም ባዶ ግንብ ስር ኖራለች።

ወደ ዛሬው እንመለስ። እስረኞቹን ያስወጣው ምንድን ነው? ጋዝ ነው። ሬዶን ይባላል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕምም የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዳርትሙር ሥር በአብዛኛው ግራናይት ነው። ቀልጦ ከነበረበት ከምድር ሆድ ውስጥ የቀዘቀዘው የዛሬ 280 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ግራናይት ውስጥ ጥቂት ዩራኒየም አለ። ዩራኒየሙ ቀስ በቀስ ይፈራርሳል፤ በመንገዱ ራዲየም፣ ከዚያ ሬዶን ይሆናል። ድንጋይ ውስጥ የሚወለዱት ሌሎቹ ጠጣር ስለሆኑ እዚያው ይቀራሉ። ሬዶን ግን ጋዝ ነው፤ በስንጥቁ ሾልኮ ይወጣል። ሜዳ ላይ ከወጣ ነፋስ ይበትነዋል፤ ማንንም አይጎዳም። ችግሩ ቤት ውስጥ ሲገባ ነው። በወለል ስንጥቅ ይገባና ይጠራቀማል። ሬዶን ራሱ በአራት ቀን ገደማ ግማሹ ይፈራርሳል፤ የሚተካቸው ቅንጣቶች በትንፋሽ ገብተው ሳንባ ላይ ይለጠፋሉ። ብሪታንያ ውስጥ በዓመት ወደ 1,100 የሚጠጋ የሳንባ ካንሰር ሞት ከሬዶን ጋር ይያያዛል። ከሲጋራ ቀጥሎ ሁለተኛው ምክንያት ነው።

መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። መኖሪያ ቤት ውስጥ ልኩ ካለፈ ከወለሉ ስር ጉድጓድ ይቆፈርና ጋዙ በትንሽ ማራገቢያ ወደ ውጭ ይጎተታል። መስኮት መክፈትም ይረዳል። ዴቨንና ኮርንዋል ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው ስለ ሬዶን መጠየቁ የተለመደ ነው፤ እኛ ስለ ካርታና ስለ ውሃ መስመር እንደምንጠይቀው። እስር ቤት ግን ሌላ ነው። ግንቡ ወፍራም ነው። መስኮቱ ጠባብ ነው። እስረኛ ደግሞ ልውጣና አየር ልቀበል ብሎ በር አይከፍትም፤ የታሰረው ለዚህ ነውና።

የዘመኑ ቅደም ተከተል ነው ሰውን ያናደደው። ከልክ ያለፈ ሬዶን መኖሩ በ2020 ታወቀ። ከዚያ በፊት ወህኒ ቤቱን እንዘጋዋለን የሚል ዕቅድ ነበር። እስር ቤቶች ሁሉ ሞልተው ስለነበር ሐሳቡ ተቀየረ። በ2022 ከዱቺው ጋር ለ25 ዓመት አዲስ ውል ተፈረመ። ሬዶን እንዳለ እየታወቀ። ኪራዩ ብቻ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። በ2023 መጨረሻ አንዳንድ ክፍሎች ተዘጉ፤ በ2024 በጋ ደግሞ የቀሩት እስረኞች በሙሉ ወደ ሌሎች እስር ቤቶች ተወሰዱ። ከ600 በላይ ሰው ይይዝ የነበረ ግቢ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። በመቶዎች የሚቆጠሩ የቀድሞ እስረኞች የካሳ ክስ ይዘዋል። የፓርላማው የሒሳብ ኮሚቴም ውሉን ክፉኛ ተችቶታል።

እኔ ግን ለፈራሚዎቹ ትንሽ አዝንላቸዋለሁ። እስር ቤት ሞልቶ ሰው ማስገቢያ ሲጠፋ፣ እጅህ ላይ ያለውን 600 አልጋ ልቀቅ ማለት ከባድ ነው። ውሃ ሲወስድ ቅጠል ይጨበጣል። የማይገባኝ፣ የሬዶኑ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ እያለ ከአሥር ዓመት በላይ የማያስወጣ ውል መፈረሙ ነው። ቤት የሚከራይ ተማሪ እንኳ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ «ካልተጠገነ እለቃለሁ» የሚል መስመር ያስገባል።

እንግዲህ ከወህኒ ቤቱ ግንብ ወጥተን ወደ ሜዳው እንሂድ። እዚያ ያለው ነገር ፍጹም ሌላ ነው።

ዳርትሙርን ከሩቅ ያየ ሰው ባለቤት የሌለው ምድር ይመስለዋል። አጥር የለም፣ ሰው የለም፣ ፈረሶች ብቻቸውን ይግጣሉ። ግን አንድም ባለቤት የሌለው ፈረስ የለም። በየመከሩ ፈረሶቹ ተሰብስበው ይለያሉ፤ እያንዳንዱ ገበሬ የራሱን በምልክቱ ያውቃል። መሬቱም እንደዚያው ነው። ዱቺው የተመሠረተው በ1337 ሲሆን ዛሬ የፓርኩን አንድ ሦስተኛ ገደማ ይይዛል። በእኛ አሮጌ ቋንቋ ርስተ ጉልት ብንለው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። የመካከለኛው ክፍል እስከ ዛሬ «የዳርትሙር ደን» ይባላል። ዛፍ ፈልጋችሁ አትልፉ። ደን ማለት በዚያ ዘመን ንጉሡ የሚያድንበት ክልል ማለት ነበር።

ዋናው ቁም ነገር ባለቤትነቱ ብቻውን ሁሉንም አለመያዙ ነው። ከፓርኩ ውስጥ ወደ 36,000 ሄክታር የሚሆነው የወል መሬት ነው። መሬቱ የአንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ግጦሹ ግን የሌሎች ነው። በዙሪያው ያሉ እርሻዎች በጎቻቸውን፣ ከብቶቻቸውንና ፈረሶቻቸውን እዚያ የማሰማራት የዘር መብት አላቸው። ከድሮ ጀምሮ ደግሞ አንድ ጥሩ ደንብ ነበር። በክረምት በገዛ እርሻህ መቀለብ የምትችለውን ያህል ብቻ ነው በበጋ ወደ ወል መሬቱ የምታወጣው። ሃያ ከብት መቀለብ የሚችል ሰው አርባ አያወጣም። ማንም በቁጥር ጭንቅላቱን ሳያዞር ግጦሹ ይጠበቃል። የመንዝ ሰዎች ጓሳን «ቄሮ» በሚባለው የጥንት የወል ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁ የኖሩበትን ብልሃት የሚያውቅ ሰው ዘመድነቱን ያየዋል።

በጎቹም የራሳቸው ዕውቀት አላቸው። አጥር በሌለበት ሜዳ አንዱ መንጋ ከሌላው ለምን አይቀላቀልም? ጠቦቷ ከእናቷ ጋር ስትግጥ ድንበሩን ትማራለች። የትኛው ቋጥኝ ከነፋስ ይከልላል፣ የትኛው ረግረግ ይውጣል፣ የእኛ ሳር የት ያበቃል። እሷም በተራዋ ለልጇ ታስተምራለች። ገበሬዎቹ ለዚህ ዕውቀት «ሊር» የሚል የራሳቸው ቃል አላቸው። ስለዚህ መንጋው አንዴ ከተሸጠ ገበያ ሄዶ ሌላ መግዛት አይተካውም። አዲሶቹ በጎች አገር አያውቁም፤ ይበታተናሉ። እረኛ ቆሞ እስኪለምዱ ድረስ ዓመታት ይፈጃል።

ክርክሩ የተነሣውም እዚህ ላይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥት ለገበሬው በእንስሳት ቁጥር ልክ ድጎማ ይከፍል ነበር። በግ በበዛ ቁጥር ገንዘቡ ይበዛል። የድሮው ደንብ ተረሳ። በጎቹ ክረምት ከበጋ ሜዳው ላይ ቆሙና ሄዘር የሚባለውን ሐምራዊ አበባ ያለውን ቁጥቋጦ ጨረሱት። ከዚያ መንግሥት አቅጣጫ ቀየረና ለቅነሳ መክፈል ጀመረ። እንስሳት ቀነሱ። ሄዘሩ ግን አልተመለሰም። በቦታው ሞሊኒያ የሚባል ሳር ገባ። በፀደይ ለምለም ሆኖ ከብትና ፈረስ ይበላዋል። በጋው ሲገፋ ይጠነክራል፤ በክረምት ገለባ ሆኖ ይተኛል። በግ ዞር ብሎም አያየውም። እየተቆለለ ሄዶ እግር የሚያጠልፍ ጉብታ ይሆናል፤ ሌላ ተክል አያስበቅልም።

በ2023 ናቹራል ኢንግላንድ የተባለው የመንግሥት የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ገበሬዎቹ ድጎማው እንዲቀጥልላቸው እንስሳቱን በብዛት እንዲቀንሱ ጠየቀ። ተንጫጩ። «ከቀነስን ሞሊኒያው ይውጠናል፣ ይደርቃል፣ ይነድዳል» አሉ። መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ ጥበቃ የተደረገላቸው ቦታዎች ሁኔታቸው ክፉኛ መበላሸቱን ያሳያል። ነገሩ ፓርላማ ደረሰና በዴቪድ ፈርስደን የሚመራ ገለልተኛ ጥናት ታዘዘ፤ ሪፖርቱ በዲሴምበር 2023 ወጣ። በጥሬው ሳቀልለው መልእክቱ ይህ ነው፤ ጥያቄው ስንት እንስሳ ብቻ አይደለም፤ የትኛው እንስሳ፣ በየትኛው ወር የሚል ነው። በክረምት በጉ ይቀነስ፣ ሞሊኒያው ለምለም በሆነበት ወራት ከብቱና ፈረሱ ይምጣ። ሁለቱም ወገን ግማሽ ልክ ነበሩ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መልስ ማንንም አያስጨፍርም።

የእሳቱ ስጋት ወሬ ብቻ አልነበረም። በሜይ 2025 መጀመሪያ ከሰሜናዊው ክፍል መሃል ላይ የተነሣ ቃጠሎ 500 ሄክታር ያህል አቃጠለ። ከሳሩ ሥር ደግሞ ፒት አለ፤ ውሃ ውስጥ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ የእጽዋት ቅሪት። እርጥብ ሲሆን እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል፣ ካርቦን ያከማቻል። ሲደርቅ ማገዶ ነው። የድሮ ሰዎችም ቆርጠው እያደረቁ ያነዱት ነበር።

በዚያው ወር፣ ሜይ 21 ቀን 2025፣ ሌላ ክርክር ለንደን ላይ ተቋጨ። ዳርትሙር ውስጥ ማንም ሰው የባለመሬቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ ድንኳን ተክሎ ማደር ይችላል ወይስ አይችልም? አሌክሳንደር ዳርዎልና ባለቤቱ በደቡባዊው ዳርትሙር 1,600 ሄክታር ገደማ አላቸው። ሰውየው የኢንቨስትመንት ፈንድ ባለሙያ ናቸው። አይችልም ብለው ከሰሱ። በጃንዋሪ 2023 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። በሳምንቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በተራራው ላይ ሰልፍ ወጡ። የፓርኩ አስተዳደር ይግባኝ ብሎ በዚያው ዓመት በጁላይ አሸነፈ። ከዚያ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በ1985 በወጣው የዳርትሙር የወል መሬት ሕግ አንቀጽ 10 ላይ ነው። ሕዝቡ «በእግርና በፈረስ» ገብቶ «ከቤት ውጭ መዝናናት» ይችላል ይላል። ከሳሾቹ «በእግር ማለት መራመድ ነው፤ መተኛት መራመድ አይደለም» አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ «በእግር» የሚለው እንዴት እንደምትገባ ነው የሚናገረው፣ ገብተህ ምን እንደምታደርግ አይደለም አለ። ቀደም ሲል የይግባኙ ዳኞች ያነሡት ነጥብ ለእኔ ይበልጥ ይጥመኛል። አንድ መንገደኛ ደክሞት ሳሩ ላይ ጋደም ቢል ማንም መዝናናት አይደለም አይለውም። ታዲያ ዝናቡን ለመከለል ከራሱ በላይ ሸራ ሲዘረጋ ምኑ ተቀየረ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ድንኳን ተክለው ለሚያድሩት ፈረደ። ይህ ሲባል እንደ ልብ መጨፈር አይደለም። ትንሽ ድንኳን፣ ቢበዛ ሁለት ሌሊት፣ እሳት የለም፣ ከመንገድ ራቅ ብሎ።

አሁን እነዚህን ሁለት ክርክሮች ከወህኒ ቤቱ ጋር አስተያዩት። ገበሬው ሲከፋው ጥናት ይታዘዛል፤ ምክንያቱም የወል ባለመብቶቹ በ1985ቱ ሕግ የተቋቋመ የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ከለንደን የመጣ ድንኳን ተሸካሚ ሲከለከል እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚከራከርለት አለ፤ ሕጉ ውስጥ ስሙ ባይጻፍም እግሩ ተጽፏል። ወታደሩ እንኳ በሰሜን በኩል የሚተኩስበት ቀን በቀይ ባንዲራ ይታወቃል፤ ባንዲራው ሲወርድ መንገደኛው ይገባል። በዚህ ባዶ በሚመስል ምድር ላይ መብት በመብት ላይ ተነባብሯል፤ ሲጋጩም መዳኛ አለው።

ፕሪንስታውንስ? ከመንደርነት ውጭ የያዘችው ወረቀት የለም። የቀበሌ ምክር ቤት አላት፤ አቤት ማለት ትችላለች። ግን በ1806 መሬቱን የሰጠው ልዑሉ ነው፣ የሠራው መንግሥት ነው። በ2022 የፈረሙትም የእነዚሁ ወራሾች ናቸው። በመካከሉ ባቡሯንም አጥታለች፤ በ1883 በእንፋሎት የተተካው መስመር በ1956 ተዘጋ። ያን ጊዜም የተቆጠረው የተሳፋሪው ብዛት ነበር። እኔ ወህኒ ቤቱ ይመለስ ባይ አይደለሁም። ጋዝ በሞላበት ክፍል ሰው ቆልፎ ማሳደር አይቻልም፤ ቁልፉን የሚይዘው ዋርድያም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። ግን የሚወጣው 4 ሚሊዮን ፓውንድ የሚከፈለው ምንም እንዳይሆን ነው። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ «ከ2033 በኋላ ይህ ግቢ ምን ይሁን?» የሚለውን ከነዋሪው ጋር ቁጭ ብሎ ለመሥራት ቢውል ማንም አይከስርም። ዱቺውም ቢሆን ኪራዩን ለዘላለም እንደማይበላ ያውቀዋል።

መንደሯ እስከዚያው ኑሮዋን ቀጥላለች። በ1785 የተሠራው መጠጥ ቤት፣ ከራሷ ከመንደሯ በፊት የነበረው ማለት ይቻላል፣ ዛሬም ለመንገደኛ በሩ ክፍት ነው። ከመንደሯ በላይ ባለው ኮረብታ አናት ላይ 196 ሜትር የሚረዝመው የቴሌቪዥን ማማ ጭጋጉን ሰንጥቆ ቆሟል። መንደሯ ውስጥ ቢራ ፋብሪካም አለ። ታዋቂው ምርቱ «ጄይል ኤል» ይባላል፤ የእስር ቤት ቢራ። እስረኞቹ ከወጡም በኋላ በዚያው ስሙ ይሸጣል።